የውጭ በርና መስኮት ቀለም ከመቀባቱ በፊት

ነሐሴ ሲጋመስ ቀለም መሸጫዎች ይጨናነቃሉ። ለእንቁጣጣሽ ቤት ማሳመር ደስ ይላል። ለውጭ እንጨት ግን ከዚህ የከፋ ጊዜ የለም። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ የጠጣ እንጨት ላይ ቀለም ስትደርቡ ውሃውን ውስጥ ትዘጉበታላችሁ። ጥቅምት ላይ ፀሐይ ሲመታው ውሃው መውጫ ይፈልጋል፤ ቀለሙንም እየገፋ ያሳብጠዋል። የእናቴ ቤት በር እንዲህ ሆኗል። ለበዓል የተቀባው አረንጓዴ ቀለም ኅዳር ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በእጅ ይነሳ ነበር።

ስለዚህ መስቀል ይለፍ። ሁለት ሦስት ሳምንት ደህና ፀሐይ ይምታው። መድረቁን ለማወቅ ብርጭቆ ወረቀት ወስዳችሁ ትንሽ ቦታ ሞርዱ። ደረቅ ከሆነ እንደ ዱቄት ያለ አቧራ ይወጣዋል። እርጥብ ከሆነ ይጎፍራል፣ ወረቀቱንም ይደፍነዋል። ያኔ ትንሽ ታገሱ።

መጀመሪያ የበሰበሰውን ፈልጉ። በካቻቪቴ የበሩን ታችኛ ክፍል ወጋ ወጋ አድርጉ። ጤነኛ እንጨት አያስገባም። ካቻቪቴው ሰተት ብሎ ከገባ ያንን ክፍል ቆርጦ በአዲስ መተካት ነው፤ በስቱኮ (በቀዳዳ መድፈኛው ልስን) መሸፈን አያዋጣም።

ቀጥሎ የተላጠውን ቀለም በስፓቱላ ፋቁ። አጥብቆ የያዘውን ተዉት፤ ጠርዙን ብቻ አቅጥናችሁ ከእንጨቱ ጋር አስተካክሉ። እዚህ ላይ አደራ የምለው ነገር አለ። አገራችን ውስጥ ቀለም ላይ ያለው የእርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) መጠን በሕግ የተገደበው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ በር እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ አቧራው ደግሞ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ደረቁን አትፋቁ። ውሃ እየረጫችሁ ፋቁ፣ ማስክ አድርጉ፣ ከሥር ላስቲክ አንጥፉ፣ ልጆችን አርቁ። የተፋቀውን በላስቲኩ ጠቅልላችሁ ጣሉት እንጂ አታቃጥሉት።

ሻጋታ ካለ አንድ እጅ በረኪና በሦስት እጅ ውሃ በጥብጣችሁ እሹት፣ ከዚያ በንጹህ ውሃ አለቅልቁ። ከሌላ ማጽጃ ጋር ግን አትቀላቅሉ። ታጥቦ እንደገና እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ጠብቁ።

አሁን ሙሉውን በቁጥር 80 ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ በ120 ሞርዱ። አሮጌ ቀለም የቀረበት ቦታ ላይ ግን የእርሳሱን ጥንቃቄ አትርሱ። እጃችሁ በእንጨቱ መስመር ይሂድ። እንደ መስታወት አታለስልሱት፤ ፕራይመሩ (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባው መነሻ ቀለም) የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋል። የሾሉ ጠርዞችን ትንሽ ክብ አድርጓቸው፤ ቀለም ስለት ላይ ስለሚሳሳ መሰንጠቅ የሚጀምረው እዚያ ነው። ሲያልቅ አቧራውን በብሩሽ፣ ከዚያ በጨርቅ ጥረጉ።

ምስጥ እንዳይበላው ተብሎ የተቃጠለ የሞተር ዘይት የተቀባ እንጨት ከሆነ ልንገራችሁ፦ ቀለም አይይዝም። ጣውላውን መቀየር ይሻላል።

ሞርዳችሁ እንደጨረሳችሁ፣ ቢቻል በዚያው ቀን ፕራይመሩን ቀቡ። ራቁቱን ፀሐይ ላይ የሰነበተ እንጨት ላዩ ይጎዳል፣ ቀለምም በደንብ አይይዝም። ስትገዙ የውጭ እንጨት ፕራይመር በሉ። አንቲረስት ለብረት ነው። ቅርንጫፍ የነበረባቸው ክብ ቦታዎች ሙጫ ስለሚያወጡ፣ ጥድ ላይ በተለይ፣ አስቀድማችሁ ጎማላካ (ሙጫውን የሚያግድ ቫርኒሽ) ቀቡባቸው። የሚስማር ራሶችን ወደ ውስጥ ምቱና አንቲረስት ንኩአቸው።

ለመጀመሪያው እጅ ከሮለር ይልቅ ብሩሽ ይሻላል፣ ቀለሙን ስንጥቅ ውስጥ ያስገባዋልና። ማቅጠን ካስፈለገ ቆርቆሮው ላይ በተጻፈው ልክ ብቻ ይሁን፤ ቤንዚን አትጨምሩ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የበሩን ግርጌ ነው። አንድ የገለባ ነዶ በቢላ ቆርጣችሁ ብታዩት እያንዳንዱ ገለባ አፉን ከፍቶ ይታያል። የተቆረጠ የእንጨት ጫፍም እንደዚያ ነው። ከጎኑ እጅግ የበለጠ ውሃ የሚጠጣው በእሱ በኩል ነው። የእናቴን በር አውርደን ስንገለብጠው ግርጌው ቀለም ነክቶት አያውቅም ነበር፤ ጠቁሮ እንደ ዳቦ ይቆረስ ነበር። ስለዚህ በሩን ከማጠፊያው ፍቱት፣ ሁለት ዱካ ላይ አጋድሙት። ግርጌውንና አናቱን በፕራይመር አጥግቡ። መጦ ሲያበቃ ድገሙት።

ስቱኮ የሚገባው ከመጀመሪያው ፕራይመር በኋላ ነው። ራቁት እንጨት ላይ ከተለጠፈ እንጨቱ የስቱኮውን ዘይት ይመጠዋል፣ ስቱኮውም ይፈረፈራል። ለግድግዳ የሚሆነው የጀሶ ስቱኮና በኮላ የተቦካ ሰጋቱራ ዝናብ አይችሉም፤ የውጭ ስቱኮ ግዙ። ሲደርቅ በ120 ሞርዱ፣ ጥረጉ፣ ሁለተኛ እጅ ፕራይመር ድገሙ።

በሩን ከመስቀላችሁ በፊት ግርጌውን በጣት ንኩት። የሚያጣብቅ ከሆነ ለዛሬ ዱካው ላይ ይደር። ዋናውን ቀለም ግን ብዙ አታዘግዩ፤ ፕራይመር ብቻውን ፀሐይና ዝናብ እንዲችል አልተሠራም።