ትንሽ መኪና ከመግዛታችሁ በፊት ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጡ

እናቴን ጉልበቷን ያማታል። መኪና ስመርጥ ሱዙኪ ዲዛየርንና ከዱባይ የሚገባውን ቶዮታ ያሪስ ሴዳን በሜትር ለካኋቸው።

መጀመሪያ የሹፌሩን ወንበር በቁመታችሁ ልክ አስተካክሉ። ከዚያ ውረዱና እዚያው ወንበር ኋላ ተቀመጡ። በጉልበታችሁና በፊተኛው ወንበር መካከል የተጨበጠ እጅ ካልገባ፣ አዳማ ሳትደርሱ ትሰቃያላችሁ። ጫማችሁ ከፊተኛው ወንበር ሥር መግባቱንም እዩ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ እግር ማጠፍና መዘርጋት ካልተቻለ ግን ቶሎ ይደነዝዛል።

በ2018 (እ.ኤ.አ.) ሞዴሎች ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል ያለው ርቀት በዲዛየር 2,450፣ በያሪስ 2,550 ሚሊ ሜትር ነው። አሥሩ ሳንቲ ሜትር ሁሉ ለጉልበት አይደርስም፤ የወንበሩ ውፍረትም ቦታ ይወስዳል። ስለዚህ ከወረቀቱ ይልቅ የራሳችሁን ጉልበት እመኑ።

ስፖንጁን በጣት ተጭኖ መፍረድ አይበቃም። ሃያ ደቂቃ ተቀመጡበት። መቀመጫው አጭር ከሆነ ጭን ደጋፊ ያጣል፤ ክብደቱም ወገብ ላይ ያርፋል። መሃል የሚቀመጥ ሰው ካላችሁ የወለሉን ጉብታ እዩ።

በመጨረሻ እናቴን ወስጄ አስገባኋት። በሩን ይዛ፣ በጎን ተቀምጣ፣ እግሯን አንድ በአንድ አነሳች። ያሪስ ውስጥ ጉልበቷን በእጇ ሳትደግፍ ገባች፤ እሱን ገዛሁ።