የወር አበባ ፈቃድ መመሪያ ሲረቀቅ የሚደጋገሙ ስህተቶች

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወር አበባ ፈቃድ የሚል አንቀጽ የለውም። ስለዚህ ፈቃዱን ለመስጠት የወሰነ ፋብሪካ፣ ባንክ ወይም ዩኒቨርሲቲ መመሪያውን ራሱ ማርቀቅ አለበት። አርቃቂው ብዙ ጊዜ የሕመም ፈቃዱን አንቀጽ ይገለብጥና «የወር አበባ» የሚለውን ይሰካበታል። ስድስት ወር ቆይቶ መዝገቡ ሲታይ ፈቃዱን የጠየቀ ሰው የለም፤ አስተዳደሩም «ሴቶቹ አልፈለጉትም» ብሎ ይደመድማል።

ጃፓን ይህን ፈቃድ በሕግ የደነገገችው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። በ2020 በተደረገ የመንግሥት ጥናት ግን ፈቃዱን የጠየቁት ሴት ሠራተኞች 1 በመቶ እንኳ አልሞሉም። ሕመም ጠፍቶ አይደለም። ፈቃዱን የሚያድነውም የሚገድለውም ዝርዝሩ ነው፦ ሴቲቱ ለማን ታሳውቃለች፣ ምን ማስረጃ ትጠየቃለች፣ ወሩ ሲያልቅስ ከኪሷ ምን ይጎድላል?

በየወሩ የሐኪም ወረቀት መጠየቅ

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ሁሉም ረቂቅ ውስጥ ማለት ይቻላል አለ።

የተለመደው የወር አበባ ቁርጠት የሚመጣው ማህፀን ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ንጥረ ነገሮች አመንጭቶ አጥብቆ ሲኮማተር ነው። ደሙ ከመምጣቱ ጥቂት ሰዓት ቀድሞ ወይም አብሮት ይጀምርና በ8 እና በ72 ሰዓት መካከል ይለቃል። አልትራሳውንድ አያሳየውም፤ የደም ምርመራም አያወጣውም። ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ የሚጽፈው እሷ የነገረችውን ነው። ለሐኪሙ የነገረችውን ለቢሮው ብትነግረው ምን ይጎድላል? ወረቀቱ የሚጨምረው የታክሲ ወጪ፣ የካርድ ማውጫና የግማሽ ቀን ወረፋ ብቻ ነው። ቤቷ ትኩስ ነገር ሆዷ ላይ አድርጋ ልትተኛበት የሚገባትን ሰዓት ጤና ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ታሳልፈዋለች። ብዙዎቹ ይህን ያሰሉና ኪኒን ውጠው ሥራ ይገባሉ።

የግቢው ክሊኒክ ወረቀቱን ይስጥ የሚለው ማሻሻያ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። በኢንዶኔዥያ የ2003ቱ ሕግ ቁጥር 13 ሕመም የተሰማት ሠራተኛ ለአሠሪዋ እስካሳወቀች ድረስ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቀን የመሥራት ግዴታ እንደሌለባት ይናገራል፤ ማሳወቅን እንጂ ማስመስከርን አይጠይቅም። አንዳንድ ፋብሪካዎች ግን የክሊኒክ ነርስ እንድታረጋግጥ አደረጉ፤ አንዲት ሴት የወር አበባ ላይ መሆኗን ማረጋገጥ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያስበው። በደቡብ ኮሪያ የኤሲያና አየር መንገድ የቀድሞ ኃላፊ የበረራ አስተናጋጆችን የፈቃድ ጥያቄ ደጋግሞ በመከልከሉ 2 ሚሊዮን ዎን ተቀጥቷል፤ ቅጣቱን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2021 አጽንቶታል።

ስፔን ወረቀት ትጠይቃለች የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ነው፤ በ2023 የወጣው ሕጓ የሐኪም ማስረጃ ይፈልጋል። ነገር ግን ያ ሕግ የሚመለከተው እንደ ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጭ የሚያድግበት ሕመም) ያለ በምርመራ የተረጋገጠ በሽታ የሚያስከትለውን፣ ሥራ የሚያስተወውን ሕመም ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚከፍለውም አሠሪው ሳይሆን የማኅበራዊ ዋስትናው ነው። ከፋዩም በሽታውም የተለየበትን ሥርዓት ወረቀቱን ብቻ ነጥሎ መቅዳት አያስኬድም። ይልቅ ዛምቢያን ማየት ይሻላል፦ የ2019 የሥራ ሕጓ ማንኛዋም ሴት ሠራተኛ በወር አንድ ቀን ያለሐኪም ወረቀት፣ ምክንያትም ሳትናገር እንድትቀር ይፈቅዳል።

«ብታጭበረብርስ?» ማጭበርበርን የሚገድበው የቀኑ ቁጥር ነው። ከአንድ ቀን በላይ ካልተፈቀደ ከአንድ ቀን በላይ አይጠፋም። እዚህ ላይ ተቆጣጣሪዎች እንደ ማስረጃ የሚያመጡት አንድ ነገር አለ፦ «ሁልጊዜ ሰኞ ሰኞ ነው የምትቀረው»። ሃያ ስምንት ቀን ማለት ልክ አራት ሳምንት ነው። ዑደቷ 28 ቀን የሆነ ሴት ሰኞ ከጀመራት የሚቀጥለውም ሰኞ ነው፣ የዚያ ቀጣዩም ሰኞ። የሰኞው ነገር የሚያሳየው ዑደቷ የተስተካከለ መሆኑን ነው።

ወረቀት ቦታ የሚኖረው ከተፈቀደው ቀን በላይ ለሚያስፈልጋት ነው፤ የማህፀን እጢ፣ ኢንዶሜትሪዮሲስ ወይም ከባድ የደም መፍሰስ ላለባት። እሱም በዓመት አንድ ጊዜ ይበቃል። «በየዑደቱ እስከ 3 ቀን ዕረፍት ያስፈልጋታል» ይበል፤ የበሽታው ስም አይጻፍበት፤ 12 ወር ያገልግል።

«በወር አንድ ቀን» ብሎ ማሰር

የአዋቂ ሴት ዑደት ከ21 እስከ 35 ቀን ድረስ ጤነኛ ነው። ዑደቷ 24 ቀን የሆነ ሠራተኛ መስከረም 2 ከጀመራት የሚቀጥለው መስከረም 26 ነው። መስከረም ላይ ሁለቴ ታመመች፣ መመሪያው አንዴ ብቻ ያውቃታል። ባለ 28 ቀኗም ቢሆን በዓመት 13 ዑደት አላት፤ 12 ቀን አይበቃትም። የተሻለው አጻጻፍ «በአንድ ዑደት አንድ ቀን፣ በዓመት እስከ 15 ቀን» ነው፤ ለ24 ቀኗም ይደርሳል።

ቀኑ በግማሽ እንዲከፈልም ይፈቀድ። ቁርጠቱ ከሰዓት በኋላ የሚለቃት ሴት ሙሉ ቀን ከምታቃጥል ግማሹን ብታስቀምጥ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። የማታ ፈረቃ ላይ ደግሞ «ቀን» ማለት አንድ ሙሉ ፈረቃ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ፤ አለዚያ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገብታ ንጋት ላይ የምትወጣ ሠራተኛ አንድ ሌሊት ስትቀር ሁለት ቀን ይቆጠርባታል። «ከሦስት ቀን በፊት ታሳውቅ» የሚለውን ሐረግ በተመለከተ፦ ይሰረዝ።

ከሕመም ፈቃድ ላይ መቀነስ

በአዋጁ መሠረት የሕመም ፈቃድ በ12 ወር ውስጥ ከስድስት ወር አይበልጥም፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። የወር አበባው 12 ቀን ከዚህ ላይ ከተነሳ ሙሉ የሚከፈልበት ወር 18 ቀን ይቀረዋል። ያቺ ሴት በዚያው ዓመት ቀዶ ጥገና ቢያስፈልጋት ከወንድ ባልደረባዋ 12 ቀን ቀድማ ወደ ግማሽ ደመወዝ ትወርዳለች። ለሴቶች የታሰበው ፈቃድ ሴቶችን ቀጣ ማለት ነው። ታይዋን መካከለኛ መንገድ ይዛለች፦ በወር አንድ ቀን ትፈቅዳለች፤ በዓመት የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ከሕመም ፈቃድ አይቆጠሩም፣ ከዚያ በላይ ያሉት ይቆጠራሉ፤ ክፍያው ግማሽ ነው። ይህም ቢሆን አራተኛው ወር ላይ ያው ችግር ይገጥመዋል።

የሕመም ፈቃዱን አንቀጽ የሚገለብጥ ሰው ሳያስበው የሚያመጣው ሌላም ነገር አለ። የሕመም ፈቃድ መብት የሚጀምረው የሙከራ ጊዜ ካለቀ በኋላ ነው፤ የሙከራ ጊዜ ደግሞ እስከ 60 የሥራ ቀን ይደርሳል። አዲስ ገቢዎቹ፣ ማለትም ብዙ ጊዜ ወጣቶቹና ቁርጠቱ የሚበረታባቸው፣ በዚህ ብቻ ውጭ ይቀራሉ።

ከ16ቱ የዓመት ፈቃድ ቀናት ላይ መቀነስ ደግሞ ፈቃድ መስጠት አይባልም።

ደመወዙን ጠብቆ ቦነሱን መቁረጥ

መሠረታዊ ደመወዙ ዝቅ ባለበት ፋብሪካ ያለ ቀሪ ለሠራ የሚከፈለው የአቴንዳንስ ቦነስ የወሩ ገቢ ትልቅ ክፍል ነው። መመሪያው «ከክፍያ ጋር» ይላል፤ ፔይሮል ላይ ያለው ቀመር ግን ማንኛውንም ቀሪ አይቶ የወሩን ቦነስ በሙሉ ያጠፋል። ይህ የሚስተካከለው መመሪያው ላይ ሳይሆን ቀመሩ ላይ ነው፤ ፈቃዱ ለብቻው የቀሪ ኮድ ይሰጠውና ኮዱ እንደ «ተገኝታለች» ይነበብ። የምርት ቦነስ ካለም ዒላማው ለተሠራው ቀን ብቻ ተመጥኖ ይሰላ።

ያልተወሰደውን ቀን በገንዘብ መግዛትም አይገባም። ገንዘቡ የሚያስፈልጋት ሴት ታማም ትሠራለች፤ ፈቃዱ በስሙ ብቻ ይቀራል።

ሱፐርቫይዘሩ ፊት ማስጠየቅ

ሠላሳ ሰው በሚሰማበት መስመር ላይ፣ ለወንድ ሱፐርቫይዘር፣ በቃል። በዚህ መንገድ የሚጠይቅ አይኖርም። ጥያቄው በአጭር መልእክት ወይም በስልክ ለሰዓት ተቆጣጣሪዋ ወይም ለሰው ሀብት ክፍል ይሂድ፤ ኮዱና ቀኑ ብቻ ይበቃል። ሱፐርቫይዘሩ ማወቅ ያለበት «ዛሬ የለችም፣ ፈቃድ ላይ ናት» የሚለውን ነው። ኮዱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በሚለጠፍ የስም ዝርዝር ላይ አይውጣ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹ መረጃዎች መድቦታል፤ በሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ዝርዝር ደግሞ ሁሉም ሰው በስልኩ ፎቶ ያነሳዋል።

ተተኪ ሳያዘጋጁ መጀመር

ስፌት መስመር ላይ አንዲት ኦፕሬተር ስትጎድል ከእሷ ፊት ሥራ ይቆለላል፣ ከእሷ ኋላ ሰው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ ጓደኞቿም ይቀየሟታል። ስሌቱ ቀላል ነው። 60 ሴቶች ሁሉም በወር አንድ ቀን ቢወስዱ 60 ቀን ነው፤ በ26 የሥራ ቀን ሲካፈል በቀን 2.3 ሰው። ይህ ጣሪያው ነው። ስለዚህ ለ60 ሰው ብዙ ማሽን የሚችሉ ሁለት ተተኪዎች ይበቃሉ፤ ለተራ ቀሪና ለወሊድ ፈቃድም ያገለግላሉ። ወጪያቸው ከክፍሉ ሳይሆን ከማዕከል በጀት ይውጣ። ከክፍሉ ከወጣ የክፍል ኃላፊው በሚቀጥለው ቅጥር ወንድ ይመርጣል። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2024 ጉዳዩ ሲቀርብለት ያነሳው ስጋትም ይኸው ነበር፦ ፈቃዱ ግዴታ ከሆነ አሠሪዎች ሴቶችን ከመቅጠር ይሸሹ ይሆናል።

መመሪያውን በማስታወሻ ማውጣት

ሥራ አስኪያጅ የፈረመው ማስታወሻ ሥራ አስኪያጁ ሲቀየር ይነሳል። የሠራተኛ ማኅበር ካለ ኅብረት ስምምነቱ ውስጥ ይግባ።

ፈቃዱን በመጸዳጃ ቤት ምትክ መስጠት

ውሃ የሌለው፣ በሩ የማይዘጋ፣ ሞዴስ መጣያ የሌለው መጸዳጃ ቤት ይዞ «ቤታችሁ ሂዱ» ማለት ነው። የወር አበባው አምስት ቀን ቢቆይ ፈቃዱ አንዱን ቀን ብቻ ይሸፍናል፤ አራቱን ቀን ሥራ ላይ ናት። ቬትናም በወር አበባ ቀናት፣ በወር ቢያንስ ለ3 ቀን፣ በየቀኑ የ30 ደቂቃ እረፍት ከሙሉ ክፍያ ጋር የደነገገችው ለዚህ ነው።

የሠራተኛውን መመሪያ ለተማሪ መቅዳት

ሠራተኛ ስትቀር ሥራው በሌላ ሰው ይሸፈናል፤ ተማሪ ስትቀር ትምህርቱ ያመልጣታል። የህንዷ ኬራላ ግዛት በ2023 ከኮቺን ዩኒቨርሲቲ ጀምራ ለሴት ተማሪዎች የመገኘት ግዴታውን ከ75 ወደ 73 በመቶ ዝቅ አደረገች። ይህን ለመቅዳት የሚጣደፉ መጀመሪያ ያስሉት። በ16 ሳምንት ሴሚስተር 80 የትምህርት ቀን አለ፤ 2 በመቶው 1.6 ቀን ነው። በ16 ሳምንት ውስጥ ያለው የወር አበባ ደግሞ አራት ጊዜ። በአንዱ የሚደርሳት ከግማሽ ቀን ያነሰ ነው። አራት ቀን ለመስጠት 5 በመቶ ያስፈልጋል።

የመገኘቱ መቶኛ ቢስተካከልም ተማሪዋን የሚጥላት ቀሪ መሆኗ ሳይሆን በቀረችበት ቀን የተሰጠው ኩዊዝ ነው። ከአራት ኩዊዝ የተሻሉትን ሦስቱን መያዝ፣ ያውም ለሁሉም ተማሪ፣ ምክንያት መጠየቅን ያስቀራል። ላብራቶሪ በማስታወሻ አይተካም፤ በዚያው ሳምንት ከሌላ ሴክሽን ጋር ገብታ እንድትሠራ ይፈቀድላት። ለማጠቃለያ ፈተና የማካካሻው ቀን ሴሚስተሩ ሲጀምር ከፈተና ፕሮግራሙ ጋር አብሮ ይውጣ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደግሞ ዑደት መቁጠር አይሠራም፤ የወር አበባ በጀመረባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ቀኑ ይዘበራረቃል።

ፈተና ክፍል ውስጥ ግን ፈቃድ ሳይሆን ፈታኙ የሚያነበው ሁለት መስመር መመሪያ ይበቃል፦ ቦርሳ ውጭ ቢቀርም ሞዴስና ማስታገሻ ኪኒን ይዞ መግባት ይቻላል፤ መጸዳጃ ቤት የጠየቀች ተማሪ «ለምን?» ሳትባል ከሴት ፈታኝ ጋር ትሂድ፣ የወጣችበትም ደቂቃ መጨረሻ ላይ ይጨመርላት።