የጥምር መድኃኒት የካንሰር ሙከራ ውጤት እንዴት ይነበባል?

«ሁለት መድኃኒቶች ተጣምረው ካንሰርን አሸነፉ» የሚል ዜና ሲወጣ ዓይን ቶሎ የሚያርፈው «አሸነፉ» ላይ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምፈልገው ከምን ጋር ተነጻጽረው እንዳሸነፉ ነው። እንደ ሳንባ፣ ጡትና አንጀት ካንሰር ባሉ ጠጣር ዕጢዎች ላይ የሚደረጉ ሙከራዎችን ዘገባ ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ የት የት እንደሚታይ ማወቅ ይበቃል።

1. የሙከራውን ምዕራፍ (የትኛው እርከን ላይ እንዳለ) ይለዩ። ምዕራፍ 1 የሚጠይቀው ሁለቱን አብሮ መስጠት ይቻል እንደሆነና መጠኑ ስንት መሆን እንዳለበት ነው። በተለመደው አሠራር 3 ሕመምተኞች በዝቅተኛ መጠን ይጀምራሉ። ማንም በከባድ ሁኔታ ካልተጎዳ ለቀጣዮቹ 3 መጠኑ ከፍ ይላል፤ አንዱ ከተጎዳ በዚያው መጠን ሌላ 3 ሰው ይጨመራል። ጥንቃቄው ለወጉ ያህል አይደለም። ቬሙራፌኒብና ኢፒሊሙማብ ለየብቻቸው ለሜላኖማ (ለአደገኛ የቆዳ ካንሰር) የተፈቀዱ መድኃኒቶች ነበሩ፤ አብረው ሲሰጡ ግን የሕመምተኞቹን ጉበት ስለጎዱ ሙከራው ቆመ።

2. ማነጻጸሪያ ቡድኑን ይፈልጉ። ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። ሁሉም ሰው ሁለቱንም መድኃኒት ከወሰደ፣ የታየው ለውጥ የየትኛው ሥራ እንደሆነ በምን ይታወቃል? ኢፓካዶስታት የተባለው መድኃኒት ከፔምብሮሊዙማብ ጋር ተጣምሮ፣ ማነጻጸሪያ በሌላቸው ቀደምት ሙከራዎች ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ከዚያ ከ700 በላይ የሜላኖማ ሕመምተኞች በዕጣ ተደለደሉ፤ ግማሾቹ ሁለቱን፣ ግማሾቹ ፔምብሮሊዙማብን መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ እንክብል ጋር ወሰዱ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲታወቅ ኢፓካዶስታት የጨመረው ጥቅም አልተገኘም።

ደህና የተሠራ ንድፍ ምን እንደሚመስል ለማየት እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመውን የኒቮሉማብና የኢፒሊሙማብ ሙከራ ይውሰዱ። 945 የሜላኖማ ሕመምተኞች በሦስት ቡድን ተከፈሉ። በሽታው ሳይባባስ የቆየበት መካከለኛ ጊዜ (የቡድኑ ግማሽ ከዚያ በላይ የቆየበት) ኢፒሊሙማብን ብቻ ለወሰዱት 2.9 ወር፣ ኒቮሉማብን ብቻ ለወሰዱት 6.9 ወር፣ ሁለቱንም ለወሰዱት 11.5 ወር ሆነ። (ይህም ቢሆን መድኃኒቶቹ እርስ በርስ ተጋግዘዋል ማለት ላይሆን ይችላል። አንዱ ያልያዘለትን ሰው ሌላው ስለሚደርስለት ብቻም የቡድኑ ውጤት ይሻሻላል።)

3. ምን እንደተለካ ይጠይቁ። «ምላሽ ሰጡ» ማለት ዳኑ ማለት አይደለም። ሐኪሞቹ በሲቲ ስካን የተመረጡ ዕጢዎችን ርዝመት ይደምራሉ፤ ድምሩ ቢያንስ 30 በመቶ ከቀነሰ «ከፊል ምላሽ» ይባላል። አንዱ ዕጢ 40፣ ሌላው 30 ሚሊሜትር ቢሆን ድምሩ 70 ነው፤ ወደ 49 ሲወርድ ሰውዬው ምላሽ ሰጪ ተብሎ ይመዘገባል። 50 ላይ ቢቆም ግን አይመዘገብም። ዕጢ ቀንሶ ዕድሜ ሳይረዝም ሊቀር ስለሚችል፣ በሕይወት የቆዩበት ጊዜ ለብቻው ተጽፎ እንደሆነ ይመልከቱ።

4. የጎንዮሽ ጉዳቱን ሠንጠረዥ አይዝለሉ። ጉዳት ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጠዋል፤ 3 ከባድ፣ 4 ለሕይወት የሚያሰጋ፣ 5 ሞት ነው። በዚያው የሜላኖማ ሙከራ ከሕክምናው የመጣ የደረጃ 3 ወይም 4 ጉዳት ኒቮሉማብን ብቻ ከወሰዱት 16.3 በመቶውን፣ ሁለቱን ከወሰዱት 55 በመቶውን አግኝቷል። ዜናው ብዙ ጊዜ 11.5 ወሩን ይነግርዎታል፤ 55 በመቶውን ግን ራስዎ ፈልገው ማግኘት ይኖርብዎታል።

5. እነማን እንደገቡ ይዩ። ብዙ ሙከራዎች አቅሙ የደከመን፣ ኩላሊቱ ወይም ጉበቱ የታመመን ሰው አያስገቡም። አንዳንዶቹ ደግሞ ዕጢው የተወሰነ የዘረመል ለውጥ ያለበትን ብቻ ይቀበላሉ። ዘገባውን ይዘው ሐኪም ጋ ሲሄዱ «መድኃኒቱ ይሠራል ወይ?» ከማለት «እኔን የመሰለ ሕመምተኛ ሙከራው ውስጥ ነበረ ወይ?» ብለው ይጠይቁ።