ቶርኔዶ የማያነሳት መኪና እንዴት ትሠራለች?

አሜሪካ ውስጥ የቶርኔዶ፣ ማለትም ከደመና እስከ መሬት የሚደርስ ኃይለኛ የሚሽከረከር ነፋስ፣ ማስጠንቀቂያ ሲሰማ ሰው ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። ቶርኔዶ አሳዳጆች የሚባሉት ግን መኪና አስነስተው ወደ ነፋሱ ይነዳሉ። ከእነሱም ውስጥ ማየቱ ብቻ ያልበቃቸው፣ መሃሉ ገብተው መቆም የሚፈልጉ አሉ። ፊልም ሠሪው ሾን ኬሲ "ቲአይቪ" (በእንግሊዝኛ "የቶርኔዶ መጥለፊያ መኪና" ለማለት በምህጻር) የተባለችውን፣ የሜትሮሎጂ ባለሙያው ሪድ ቲመር ደግሞ "ዶሚኔተር"ን ያሠሩት ለዚሁ ነው። እስቲ እንዲህ ያለች መኪና እንዴት እንደምትሠራ ከሻንሲዋ ጀምረን እንያት።

መነሻው ከባድ መኪና ነው። የመጀመሪያዋ ቲአይቪ ፎርድ ኤፍ-450 ነበረች፤ ሁለተኛዋ ዶጅ ራም 3500። ክብደት እዚህ ጸጋ ነው፣ ግን ልክ አለው። ቶርኔዶውን ቀድማ መንገዱ ላይ መገኘት አለባትና የምታዘግም ከሆነ ምን ዋጋ አላት? ለዚህ ነው ሁለተኛዋ ጉልበተኛ የናፍጣ ሞተር ይዛ፣ አንድ አክስል ተጨምሮላት በስድስት ጎማ እንድትስብ የተደረገችው። የካንሳስ ገጠር መንገድ ዝናብ ሲነካው ጭቃው አይጣል ነው።

ቀጥሎ የብረት አጽም ይበየድላትና ላዩን ላሜራ ትለብሳለች። ተራ መስታወት አይታሰብም፤ መስኮቱ ፖሊካርቦኔት የሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ነፋሱ ባዶ እጁን አይመጣማ! ብርቱካን የሚያህል በረዶና የተገነጠለ ጣውላ ይዞ ነው የሚመጣው።

እስካሁን ያለው ማንኛውም ጎበዝ በያጅ የሚወጣው ሥራ ነው። ቁም ነገሩ ከሥር ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ በነፋስ ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሚወስደው ከላይ ያለፈው ነፋስ ብቻ አይደለም፤ ጠርዙን ፈልቅቆ ከሥር የገባውም ነው። መኪናም እንደዚያው ናት። የላዩ ይስባታል፣ የሥሩ ይገፋታል፤ ያኔ ስድስት ቶን ብትመዝንም አታስተማምንም። ስለዚህ ዙሪያዋን የብረት ቀሚስ ይሠራላታል። ስትነዳ ተሰብስቦ ይቆያል፤ ስትቆም በሃይድሮሊክ ወርዶ መሬት ይነካል፣ ነፋሱም መግቢያ ያጣል።

ድንኳን ተክሎ የሚያውቅ ሰው ቀጣዩን ይገምታል፦ ካስማ። ሹል ብረቶች በሃይድሮሊክ ተገፍተው መሬት ውስጥ ይሰካሉ።

ጣሪያዋ ላይ የነፋስ መለኪያና ካሜራ ይቀመጣል። ይሄ ቀላሉ ነው።

ከባዱ የት ትቁም የሚለው ነው። በእነ ኦክላሆማና ካንሳስ ሜዳ አብዛኛው ቶርኔዶ ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይጓዛል። ስለዚህ አሳዳጆች ከደመናው ደቡብ ምሥራቅ በኩል ይጠጋሉ፤ ከሰሜን የመጣ ሰው ዝናብና በረዶ ይጋርደዋል። ቶርኔዶው ግራም ቀኝም ሳይል ባለበት የሚወፍር ከመሰላችሁ፣ ወደ እናንተ እየመጣ ነው። ሌላው ሰው የሚሸሸውን ቦታ ቲአይቪ ፈልጋ ትቆምበታለች። ከዛፍ፣ ከቤትና ከመብራት ምሰሶ ርቃ፣ ሰፊ ጎኗን ሳትሰጥ። ከዚያ ቀሚስ ይወርዳል፣ ካስማ ይተከላል።

ግምት ግን ይስታል። እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 2013 ኤል ሪኖ፣ ኦክላሆማ አጠገብ የወረደው ቶርኔዶ 4.2 ኪሎ ሜትር ያህል ሰፍቶ፣ አቅጣጫውንም ቀይሮ ተመራማሪውን ቲም ሳማራስን ከልጁ ከፖልና ከባልደረባቸው ከካርል ያንግ ጋር ገደለ። የያዙት ትንሽ የቤት መኪና ነበር። ብረት ለበስ ቢሆንስ ኖሮ? እኔ ለመማል አልደፍርም። የቶርኔዶ ጥንካሬ በሚመዘንበት በኢኤፍ መለኪያ የመጨረሻው ደረጃ፣ በኢኤፍ5፣ ነፋሱ በሰዓት ከ322 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ በደንብ የተሠራ ቤት ከመሠረቱ ጠርጎ ይወስዳል።

ዳላስ አካባቢ ያላችሁ ወገኖች ነገሩ አዲስ አይሆንባችሁም። በ2015 በፈረንጆች ገና ማግስት ጋርላንድና ሮውሌትን የመታው ኢኤፍ4 ነበር። ለእናንተ መመሪያው አጭር ነው፦ የታችኛው ፎቅ፣ መስኮት የሌለው ትንሽ ክፍል። መኪናውን እርሱት።

ወደ ቲአይቪ እንመለስ። መሃሉ ላይ ነፋሱ ጋብ ቢል በር አይከፈትም፤ ሌላኛው ጎን ገና ይመጣል፣ ያውም ከተቃራኒ አቅጣጫ እየነፈሰ። ሁሉም ካለፈ በኋላ ካስማው ይነቀላል፣ ቀሚሱ ይሰበሰባል። ለመውረድ ደግሞ በመስኮት ዙሪያውን ማየት ነው፤ የተበጠሰ የኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገቧ ወድቆ ሊሆን ይችላል።