ድምፁ ከፍ ሲል የሚጠፋው አምፕሊፋየሬ

ሦስት ቀን በልቶብኛል። አምፕሊፋየሩ ድምፁ ዝቅ ሲል ምንም አይል። ከግማሽ ሳሳልፈው ግን «ቀጭ» ይልና ዝም። «ፕሮቴክት» የምትለዋ መብራት ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች።

መጀመሪያ የቤቱን ኤሌክትሪክ ጠረጠርኩ። ከዲቫይደሩ ነቅዬ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካሁት፤ ያው ነው። ስታቢላይዘር ተዋስኩ፤ ያው። ሙቀት ይሆናል ብዬ ከቁም ሳጥኑ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። አሁንም ጠፋ። (እዚያ ታፍኖ መቀመጡ ግን ድሮም ጥሩ አልነበረም፤ አልመለስኩትም።)

በመጨረሻ ከሶኬት ነቀልኩት። የስፒከሮቹን ሽቦዎች ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ፈትቼ፣ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጌ ጫፋቸውን ለካሁ። ግራው 6.4 አለ። ለ8 ኦም ስፒከር ደህና ነው፤ በቴስተር ሲለካ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የሚነበበው። ቀኙም እንደዚያው ሲል ተስፋ ቆረጥኩ። ሽቦውን ወዝወዝ ሳደርገው ግን ቁጥሩ ወደ 0.3 ወረደ፤ የሆነ ቦታ ሁለቱ ሽቦዎች ይነካካሉ (ሾርት) ማለት ነው!

ስፒከሩን አዙሬ በስልኬ መብራት አየሁት። ከቀዩ ማሰሪያ ያፈነገጠች፣ ከፀጉር ብዙም የማትወፍር የመዳብ ክር ጥቁሩን ልትነካ ትንሽ ቀርቷታል። ቤዙ ሲመታ ትነካዋለች፤ አምፕሊፋየሩም ራሱን ለማዳን ይጠፋል።

ጫፉን ቆርጬ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ላጥኩ። ክሮቹን አጥብቄ ገመድኳቸውና አንድም ሳይተርፍ አሰርኩ። እየወዘወዝኩ ስለካው 6.4 ላይ ቆመ። ሶኬቱን የሰካሁት ከዚያ በኋላ ነው፣ ያውም ድምፁን ዜሮ ላይ አድርጌ።

ትናንት ማታ ጎረቤት ግድግዳ እስኪደበድብ ከፈትኩት። አልጠፋም።