ቼዝ ለጀማሪዎች፦ መጀመሪያ ራሳችሁ ቁጠሩት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለችኝ። ከስፌት መኪናዬ አጠገብ፣ ደንበኛ በሚጠብቅበት አግዳሚ ላይ፣ የቼዝ ሰሌዳ ሁልጊዜ ተዘርግቶ ይገኛል። ሰሌዳው ጨርቅ ነው። ከአቡጀዲ ቆርጬ ራሴ ሰፋሁት። እያንዳንዱ ቤት 5 ሳንቲ ሜትር በ5፣ ባጠቃላይ 64 ቤት። አያቶቻችንም ሰንጠረዥን የሚጫወቱት ጨርቅ ላይ ነበር። ዛሬ ቁጥር የምንደረድርበት «ሰንጠረዥ» ያኔ የራሳችን የቼዝ ስም ነበር። የእነሱ ጨዋታ ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር አልነበረም። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ፤ ወረራ ይሉታል።

እናንተም ሰሌዳ ለመግዛት አትጨነቁ። ካርቶን ላይ አስምሩ። ስታስቀምጡት በቀኝ እጃችሁ በኩል ቅርብ ያለው የጥግ ቤት ነጭ ይሁን። የጠፋ ጠጠር ካለ ቆርኪ ይተካዋል። የእኔ ጥቁር ንግስት ቦቢን (የስፌት መኪና የክር ማጠንጠኛ) ናት።

ባለፈው ክረምት የወንድሜ ልጅ ከደንበጫ መጥቶ እኔ ዘንድ ከረመ። በቆርኪ ዳማ ሲጫወት ያደገ ልጅ ነው። ቼዝ ላይ ግን አዲስ ነበር። ገና በመጀመሪያው ቀን አንድ ደንበኛዬ፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፣ በአራት እርምጃ ቼክ ሜት አደረጉት፤ ንጉሱ ማምለጫ አጥቶ ጨዋታው አለቀ። ደገሙት። ሠለሱት። ልጁ ማታውኑ ስልኩን ይዞ የአከፋፈት (የጨዋታ አጀማመር) ቪዲዮ ማየት ጀመረ። አስቆምኩትና ጠጠሮቹን መልሼ ደረደርኳቸው።

ቤቶቹ በፊደልና በቁጥር ይጠራሉ፦ ከነጭ በኩል ስታዩት ከግራ ወደ ቀኝ ከኤ እስከ ኤች፣ ከታች ወደ ላይ ከ1 እስከ 8። ነጭ ወታደሩን ኢ4 ያደርጋል፣ ጥቁር ኢ5። ነጭ ንግስቱን ኤች5 ላይ ያወጣል። ጥቁር ፈረሱን ሲ6። ነጭ ቢሾፑን (በሰያፍ የሚሄደውን) ሲ4። እዚህ ላይ ልጁ «ንግስቷን ላባራት» ብሎ ሌላኛውን ፈረስ ኤፍ6 ያወጣል። አለቀ። ንግስቷ ኤፍ7 ላይ ያለውን ወታደር በልታ ንጉሱ አጠገብ ትቆማለች። እንዳይበላት ቢሾፑ ከሲ4 ይጠብቃታል።

«ቢሾፑ ሲ4 የመጣው ምን ፈልጎ ነው?» አልኩት። ዝም አለ። ቆየና ጣቱን ከሲ4 እስከ ኤፍ7 በሰያፍ ጎተተው። «ጋሼ፣ ሁለቱም አንድ ወታደር ላይ ነው እኮ ያነጣጠሩት!» አለኝ።

መድኃኒቱ በፈረሱ ፋንታ ወታደር ጂ6 መግፋት ነው። ወታደሯ የንግስቷን መንገድ ትዘጋለች፣ ንግስቷንም ታባርራለች። ንግስቷ ኤፍ3 ላይ ሆና እንደገና ብታነጣጥር፣ ያኔ ፈረሱን ኤፍ6 አውጡ። ነጭ ንግስቱን ሲያመላልስ እናንተ ሁለት ፈረስ አውጥታችኋል።

ጀማሪ የሚሸነፈው አከፋፈት ስለማያውቅ አይደለም። ጠጠሩን በነጻ እየሰጠ ነው። ስለዚህ ባላጋራችሁ ባንቀሳቀሰ ቁጥር እጃችሁን ጉልበታችሁ ላይ አድርጉና ይቺ ጠጠር ምን ፈልጋ መጣች በሉ። ቀጥላችሁ ደግሞ እኔ የማስቀምጣትን ማን ይበላታል፣ ማንስ ይጠብቃታል በሉ። መለዋወጥ ከመጣ ዋጋቸውን አስሉ፦ ወታደር 1፣ ፈረስ 3፣ ቢሾፕ 3፣ ሩክ (ጥግ ላይ የሚቆመው) 5፣ ንግስት 9። በውድድር የነካችሁትን ጠጠር መጫወት ግዴታ ነው፤ ከአሁኑ ልመዱት።

አከፋፈቱ ለጊዜው ይህ ይበቃል፦ የመሃል ወታደሮችን ግፉ፣ ፈረስና ቢሾፕ አውጡ፣ ቶሎ ካስል አድርጉ (ንጉሱንና ሩኩን በአንድ እርምጃ አዘዋውራችሁ ንጉሱን ወደ ጎን ሸሽጉት)።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አያቴ ዋሸራ፣ ጎጃም ያለው የቅኔ ቤት፣ ቅኔ ተምረዋል። የቅኔ ተማሪ፣ ይሉ ነበር፣ ከጓደኞቹ ተለይቶ ዛፍ ስር ይቀመጣል፤ ደበሎውን ተከናንቦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ማለትም ብቻውን አስቦ ይደርሳል። መምህሩ ዘንድ ቀርቦ የሚነግረው ቆጥሮ ሲመጣ ነው። መምህሩም የሚያርሙት ያን ጊዜ ነው። ሳይቆጥር የሄደ ተማሪ ምኑ ይታረምለታል?

የዛሬ ልጆች ጨዋታ እንዳለቀ ስልካቸው ላይ ያለውን ኮምፒውተር «የት ተሳሳትኩ?» ይሉታል። በሰከንድ ይነግራቸዋል። በሰከንድም ይረሱታል። እኔ የምለው፣ እርምጃውን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፉ። ስትሸነፉ ብቻችሁን ቁጭ ብላችሁ ጨዋታውን እንደገና አውጡት። ጨዋታው ከእጃችሁ የወጣው የቱ ጋ እንደሆነ አስምሩበት፣ ምን ማድረግ እንደነበረባችሁም ጻፉ። ስልኩን ከዚያ በኋላ ክፈቱ። ሊቼስ የሚባለው የቼዝ ድረ ገጽ ነጻ ነው፣ ስህተታችሁን አንድ በአንድ ያሳያል። እናንተ ካሰመራችሁበት ጋር አስተያዩት። ልጁ መጀመሪያ ሰሞን ያሰመረውና ስልኩ የሚለው አይገናኙም ነበር። እየቆየ ይገጥም ጀመር።

የአንድ ደቂቃ ጨዋታ ይቅርባችሁ። ቢያንስ 15 ደቂቃ ያለውን ምረጡ። በየቀኑ አምስት ስድስት የቼዝ እንቆቅልሽ ፍቱ፤ መልሱን በሐሳባችሁ ሳትጨርሱ እንዳትነኩ።

መጨረሻውንም ተማሩ። ከ1921 እስከ 1927 የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ኩባዊው ካፓብላንካ ጀማሪ ከጨዋታ ማብቂያ እንዲጀምር ይመክር ነበር። ሦስት ጠጠር ብቻ አስቀምጡ፦ የነጭ ንጉስ ዲ5፣ የነጭ ወታደር ኢ6፣ የጥቁር ንጉስ ኢ7። ተራው የጥቁር ነው። ወታደሩ ስምንተኛው ረድፍ ከገባ ንግስት ይሆናል። ጥቁር ወዴት ይሂድ? አብዛኛው ሰው ወደ ጎን ዲ8 ይላል። ይሸነፋል። ነጭ ዲ6 ይመጣል፣ ጥቁር ኢ8፣ ወታደሩ ኢ7 ይገፋል። ጥቁር ያለው ቤት ኤፍ7 ብቻ ነው፤ ነጭ ንጉስ ዲ7 ገብቶ መንገዱን ይከፍታል። ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ኢ8 ቢመለስስ? ነጭ ዲ6 ሲመጣ ጥቁር ዲ8 ላይ ፊት ለፊት ይቆምለታል። ወታደሩ ኢ7 ብሎ ቼክ ሲል (ንጉሱን ልበላ ሲል) ጥቁር ኢ8 ይቆማል። ነጭ ወታደሩን ትቶ ከሄደ ወታደሩ ይበላል፤ ኢ6 ላይ ሆኖ ከጠበቀው ደግሞ ጥቁር መሄጃ የለውም፣ ቼክም አልተባለም። እንዲህ ሲሆን ጨዋታው አቻ ነው።

መስከረም ሊጠባ ሲል የሒሳብ መምህሩ ያሰፉትን ኮት ሊወስዱ መጡና ከልጁ ጋር ተቀመጡ። ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። ልጁ ንጉስ ብቻ ቀረው፤ እሳቸው ንጉስና አንድ ወታደር። ወታደሩን ገፍተው «ቼክ!» አሉ። ልጁ ንጉሱን ፊቱ አስቀመጠና እጁን ጉልበቱ ላይ መለሰ። መምህሩ ሰሌዳውን ብዙ አዩት። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና «ይህን ደግሞ ማን አስተማረህ?» አሉት። ደብተሩን አውጥቶ አሳያቸው።