ላፕቶፕ ላይ የሚሰራው ኮድ ሰርቨር ላይ «ቴብሉ የለም» ሲል

ምልክቱ፦ ዳታቤዛችሁ ማይኤስኪውኤል ነው። ኮዳችሁ ዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ ያለ እንከን ይሰራል። ሊነክስ ሰርቨር ላይ ስትጭኑት ግን ኤረር 1146 ይመጣል፤ ቴብሉ የለም ይላል። ዳታቤዙን ከፍታችሁ ስታዩ ቴብሉ ቁጭ ብሏል። ዳታውም አልጎደለም። ይሄ መጀመሪያ ሲገጥመኝ ግማሽ ሌሊት የዩዘር ፈቃድና ፓስወርድ ስፈትሽ አደርኩ። ጥፋቱ የአንድ ፊደል ነበር።

መንስኤው፦ ማይኤስኪውኤል ቴብሎችን ዲስክ ላይ በፋይል ያስቀምጣል። ስለዚህ የቴብል ስም የፋይል ስምን ሕግ ይከተላል። ሊነክስ ካፒታልና ስሞል ፊደልን ይለያል፤ ዊንዶውስ አይለይም። በዛ ላይ ዊንዶውስ ላይ ያለው ማይኤስኪውኤል ስሙን ወደ ስሞል ቀይሮ ነው የሚያስቀምጠው። በካፒታል ሲ የፈጠራችሁት «ከስተመርስ» ባክአፕ ሲወጣ በስሞል ሲ ይወጣል። ሊነክስ ላይም በዛው ይገባል። ኮዳችሁ ግን አሁንም በካፒታል ሲ ይጠራዋል።

ፊደላችን ካፒታልና ስሞል ስለሌለው ይሄ ልዩነት ቶሎ አይታየንም። ግን «ሠራተኛ» እና «ሰራተኛ»ን አስቡ። ስናነባቸው አንድ ናቸው፤ ለዳታቤዙ ሁለት ስሞች ናቸው። ለቴብል የአማርኛ ስም የምትሰጡ ካላችሁ እዚህ ጋ ተጠንቀቁ።

መፍትሄው፦ ሰርቨሩ ላይ «ሾው ቴብልስ» ብላችሁ ትክክለኛውን ስም እዩ። ከዛ ኮዱ ውስጥ ያለውን ስም ሁሉ ከእሱ ጋር አንድ አድርጉ። ሌላው መንገድ «ሎወር ኬዝ ቴብል ኔምስ» የሚባለውን ሴቲንግ 1 ማድረግ ነው። ዲፎልቱ ሊነክስ ላይ 0፣ ዊንዶውስ ላይ 1፣ ማክ ላይ 2 ነው። ከቨርዥን 8 ጀምሮ ግን ይሄን መወሰን የሚቻለው ሰርቨሩ ገና ሲቋቋም ብቻ ነው። በኋላ ኮንፊግ ፋይሉ ላይ ብትቀይሩት ሰርቨሩ ጭራሽ አይነሳም። እባካችሁ የደንበኛ ዳታ ያለበት ሰርቨር ላይ አትሞክሩት። አድካሚ ቢሆንም እኔ ኮዱን ማስተካከል ነው የምመርጠው። አዲስ ስራ ከሆነ ደግሞ ሁሉንም ስም ከመጀመሪያው በስሞል ጻፉ፤ ቃላቱን በአንደርስኮር ለዩ።

የኮለም (የቴብሉ ዓምድ) ስም ማይኤስኪውኤል ላይ የትም ቢሆን ካፒታልና ስሞል አይለይም። እንዲያም ሆኖ ሊነክስ ላይ ኤረር 1054 መጥቶ «ኮለሙ አይታወቅም» ካለ አሊያሱን፣ ማለትም ኩዌሪው ውስጥ ለቴብሉ የሰጣችሁትን ምትክ ስም እዩ። ለቴብሉ በካፒታል ሲ አሊያስ ሰጥታችሁ ኮለሙን በስሞል ሲ ከጠራችሁት አያገኘውም። ኮለሙ ይወቀሳል እንጂ ጥፋተኛው አሊያሱ ነው።

ፖስትግሬስ የሚባለው ሌላ ዳታቤዝ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ምንም አያገባውም። ድርብ ጥቅስ ውስጥ ያልገባን ስም ሁሉ ፖስትግሬስ ራሱ ወደ ስሞል ይቀይረዋል፤ ጥቅስ ውስጥ የገባውን እንዳለ ይይዘዋል። የኤስኪውኤል ስታንዳርድ ወደ ካፒታል ይቀየር ነው የሚለው፤ ኦራክል ዳታቤዝም እንደዛ ያደርጋል። ችግሩ የሚመጣው እንደ ፕሪዝማ ያሉ ኮድን ከዳታቤዝ የሚያገናኙ መሳሪያዎች ቴብሉን በጥቅስ ሲፈጥሩት ነው። በካፒታል ኦ የተፈጠረውን «ኦርደርስ» በእጃችሁ ያለ ጥቅስ ስትጠሩት ቴብሉ የለም የሚለው ኤረር 42ፒ01 ይመጣል። ኮለም ከሆነ 42703 ነው። ለጊዜው ስሙን በድርብ ጥቅስ ክበቡት፤ ነጠላ ጥቅስ አይሆንም፣ እሱ ለጽሑፍ ዳታ ነው። ለዘለቄታው በ«ኦልተር ቴብል» ሪኔም አድርጋችሁ ወደ ስሞል መልሱት። ፕሪዝማንም አዲሱን ስም በ«ማፕ» ንገሩት፤ አለዚያ እሱ ደግሞ ቴብሉን ያጣዋል።

የማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ካፒታልና ስሞል ይለይ አይለይ የሚወስነው የዳታቤዙ ኮሌሽን (ፊደል የሚያወዳድርበት ደንብ) ነው። የኮሌሽኑ ስም ውስጥ «ሲአይ» ካለ አይለይም፣ «ሲኤስ» ካለ ይለያል። እዛ ኤረር 208 ቴብል፣ 207 ኮለም ጠፋ ማለት ነው። የደንበኛው ዳታቤዝ «ሲኤስ» ከሆነ የእናንተንም መሞከሪያ በዛው ኮሌሽን ፍጠሩት፤ ስህተቱ እናንተው ጋ እያለ ይያዛል።